ጉሙ ሲገባ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የተጓዘ ሰው ደብረ ሲናን ያውቃታል። የሚያውቃት ግን በመስኮት ነው። የጣርማ በርን ዋሻ ያልፋል፤ ጆሮው ይደፈናል፤ ቁልቁለቱን እየተጠማዘዘ ይወርዳል። አውቶቡሱ ቆም ሲል አንዲት ሴት ሰፌዷን ከፍ አድርጋ ከመስኮቱ ስር ትደርሳለች። ሁለት ብርጭቆ ቆሎ ያሰፍርና እየቆረጠመ ይሄዳል። ወርዶ እግሩን ቢያፍታታ እንኳ ከአሥር ደቂቃ በላይ አይቆይም።

እኔ ያደግኩት በዚያች አሥር ደቂቃ ውስጥ ነው።

አዲስ አበባ ስምንት ዓመት ስኖር አገርህ የት ነው ሲሉኝ ደብረ ሲና እላለሁ። “አሃ፣ ቆሎ!” ይሉኛል። በዚህ ተከፍቼ አላውቅም። ቆሎ ነው ያሳደገኝ። ደብተር የገዛልኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ ስሄድ የአውቶቡስ የከፈለልኝ የአክስቴ ቆሎ ነው። ቅር የሚለኝ ጨዋታው እዚያው ላይ ማለቁ ነው። በ2012 ወደ አገሬ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ ይህችን ከተማ እንዴት አድርጌ ለሰው ላስረዳ እያልኩ ሳስብ ከርሜያለሁ። ያገኘሁት ነገር ቀላል ነው። የሚያልፍ ሰው ደብረ ሲናን ያያታል። እኛ እዚህ የምንኖረው ግን ከምናያት ይልቅ እንሰማታለን። ለዚህም ምክንያቱ ጉሙ ነው።

ከተማችን የተቀመጠችው ተራራ ወገብ ላይ ነው። ከላያችን ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጣርማ በር አለ። ከታች፣ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዶ፣ ሸዋ ሮቢት አለች፤ የእሷ ከፍታ 1,300 ሜትር ቢሆን ነው። እኛ መሃል ላይ ተንጠልጥለናል። ከቆላው የሚነሳው እርጥብ አየር ተራራውን እየታከከ ሽቅብ ይወጣል፤ እኛ ጋ ሲደርስ ይቀዘቅዝና ጉም ይሆናል። ጠዋት ፀሐይ ወጥታ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ እስከ ቆላው ድረስ እያየን እንውላለን። ከምሳ በኋላ ግን ይነሳል። መጀመሪያ የታችኛው መንደር ባሕር ዛፍ ይጠፋል። ቀጥሎ ቆርቆሮዎቹ አንድ በአንድ ይሰወራሉ። ከዚያ አስፋልቱ ራሱ ይጠፋል።

“ጉሙ ገባ” እንላለን፤ ስለ ሰው እንደምናወራው። እውነትም ቤት ይገባል። በር ከፍቶ የረሳ ሰው ማታ አልጋ ልብሱን ሲነካው ርሷል። ጨው ይረጥባል፣ ክብሪት አልጭር ይላል፣ የታጠበ ሸሚዝ ሦስት ቀን ገመድ ላይ ይውላል። ልጅ ሆነን ደግሞ እጃችንን ዘርግተን ልንይዘው እንሮጥ ነበር። ጉም መዝገን የሚባለውን አነጋገር ትምህርት ቤት ከመስማታችን በፊት በእጃችን ሞክረነዋል።

ዐይን ሥራ ሲፈታ ጆሮ ይበረታል። የታችኛዋ ጎረቤታችን የቤት ጣሪያ ከእኛ ደጃፍ በታች ነው። እዚህ ሁሉም ቤት እንደዚያ ነው፤ አንዱ ካንዱ ትከሻ ላይ የቆመ ይመስላል። ዝናብ መጀመሩን የምናውቀው በእሷ ቆርቆሮ ነው፤ የእኛው ጣሪያ ሣር ሳለ ጀምሮ የለመድነው ነው። ምን እየሠራች እንደሆነ ጢሱ ቀጥ ብሎ ወደ በራችን ስለሚወጣ ሳትነግረን እናውቃለን። ሽሮ ከሆነ ሽሮ፣ እንጀራ ከሆነ እንጀራ። ቡና ስትወቅጥ ደግሞ ዘነዘናው ይሰማል። ሲቆም አክስቴ ነጠላዋን ታነሳለች። ጥሪው እስኪመጣ አትጠብቅም። እኔም ቆሎውን በሰሃን ይዤ ደረጃውን ወርጄ እከተላታለሁ። የቡና ቁርስ ሁልጊዜ ከላይኛው ቤት ነው የሚወርደው።

አሁን ወደ ቆሎው ልመለስ። ሰው ቆሎን ቀላል ነገር አድርጎ ሲያየው አዝናለሁ፤ ሥራውን ባለማየቱ ነው።

አክስቴ ገብሱን ራሷ ትመርጣለች። ከላይ ከጣርማ በር ወዲያ፣ ከመዘዞና ከመንዝ በኩል የሚመጣ ገብስ አለ። ነጋዴው ጆንያውን ሲፈታ እፍኝ ታነሳና አንዷን ፍሬ በጥርሷ ትሰብራለች። ድምፁን ነው የምትሰማው። በደንብ ያልደረቀ ገብስ ሲሰበር ድምፅ የለውም። ቤት ሲመጣ ይለቀማል፤ ጠጠሩ፣ እንክርዳዱ ይወጣል። ከዚያ ውሃ ነካ ተደርጎ ሙቀጫ ውስጥ ይገባል። ፍተጋ ይባላል። መውቀጥ አይደለም፤ ዘነዘናው ፍሬውን ሳይሰብር ልብሱን ብቻ ማውለቅ አለበት። ሁለት ሴቶች ፊት ለፊት ቆመው እየተፈራረቁ ሲፈትጉ እጃቸው አይጋጭም። እኔ ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ። ክንድ ብቻውን አይበቃም፤ የሌላውን ሰው ትንፋሽ መስማት ያስፈልጋል።

ከተፈተገ በኋላ ይሰጣል። ፀሐይ ያለችው ጠዋት ብቻ ስለሆነ ሁሉም ሴት ጠዋት ላይ ጉሙን ትሽቀዳደማለች። ከተማዋን ሦስት ሰዓት ላይ ከላይኛው መንደር ሆኖ ላየ፣ በየደጁ የተሰጣ ገብስ ቢጫ ምንጣፍ ይመስላል። ሲደርቅ በሰፌድ ይንገዋለላል፣ ገለባው ይነፍሳል። ፍተጋ የማያስፈልገው፣ ልብሱ እንዲያው የሚወልቅ ሰነፍ ገብስ የሚባል ዘርም አለ። ደንበኛ ይወደዋል። አክስቴ ግን የተፈተገው ይጣፍጣል ብላ ድርቅ ትላለች። ቀምሼ ልዩነቱን አውቀዋለሁና ከእሷ ጋር ነኝ።

መቁላቱ ነው እንግዲህ ዋናው። ብረት ምጣዱ መጀመሪያ ባዶውን ይግላል። ገብሱ ሲገባ ዝም ይላል። ትንሽ ቆይቶ ከዳር አንዷ ትፈነዳለች፣ ጧ። ከዚያ ሌላዋ። ከዚያ ቤቱ ሁሉ በፍንዳታ ይሞላል፤ ማውራት አይቻልም። ድምፁ መሳሳት ሲጀምር፣ ገና ብዙ ፍሬ ነጭ ሆኖ ሳለ፣ አክስቴ ምጣዱን ታወርደዋለች። ልጅ ሆኜ “አልበሰለም እኮ” ስላት “አትየው፤ ስማው” ትለኝ ነበር። ከወረደ በኋላ በራሱ ሙቀት መቆላቱን ይቀጥላል። ዐይኑን አምኖ የጠበቀ ሰው ያሳርረዋል። እኔ ስንት ምጣድ እንዳሳረርኩ አክስቴ ታውቃለች። አንድም ቀን አልተቆጣችኝም። ያረረውን ለይታ ለዶሮዎቹ ትሰጥና እንደገና ታስጀምረኛለች።

ከዚያ ሽምብራው፣ ሱፉ፣ ኦቾሎኒው ለየብቻ ተቆልቶ ይቀላቀላል። ጾም ላይ ገበያው ይደራል፤ የዐቢይ ጾም መንገደኛ ከቆሎ ሌላ ምን ይበላል? ሴቶቹ ሰፌዳቸውን በላስቲክ ሸፍነው አስፋልቱ ዳር ይቀመጣሉ። ጉም የነካው ቆሎ ይለዝባልና ላስቲኩ የሚነሳው መኪና ሲቆም ብቻ ነው።

በጉም ውስጥ መኪና አይታይም። መብራቱ የሚታየው አጠገብ ከደረሰ በኋላ ነው፤ ያኔ ተነስቶ ለሚሮጥ ሰው አውቶቡሱ አልፎታል። ስለዚህ በድምፅ መለየት ግድ ነው። ከጣርማ በር የሚወርድ የጭነት መኪና በማርሽ ተይዞ ስለሚመጣ ከሩቅ ያጓራል። ተሳቢ ከሆነ ሰንሰለቱ ይንቋቋል። ቅጥቅጥ ኩርባው ላይ ጥሩንባውን ሁለት ጊዜ ይነፋል። ትልቁ አውቶቡስ ድምፁ ወፍራም ሆኖ ለስለስ ያለ ነው። አክስቴ ከዚህም አልፋ “ይሄ ባዶ ነው”፣ “ይሄ ቸኩሏል፣ አይቆምም” ትላለች። እንዴት አወቅሽ ስላት መልስ የላትም። ሠላሳ ዓመት አንድ ኩርባ ስር የተቀመጠ ሰው እንዴት አያውቅ።

ሁላችንም የምንፈራው ድምፅም አለ። ማርሽ ያልያዘ፣ ያለ ማጓራት ዝም ብሎ የሚፈጥን ጎማ ነው። ከእሱ ቀድሞ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ይመጣል። ያኔ ማንም ለማንም ምንም ሳይል ሴቶቹ ሰፌዳቸውን ጥለው ወደ ግንቡ ይጠጋሉ። ብዙውን ጊዜ ሾፌሩ ይቆጣጠረዋል፤ ዳር ይዞ ያቆማል፤ ረዳቱ ድንጋይ ይዞ ይዘላል። ሴቶቹ ለሾፌሩ ውሃ ይሰጡታል። እጁ ይንቀጠቀጣል። ያን ቀን ቆሎ በነፃ ነው።

ዋሻውን የሠራው ጣልያን ነው፤ በወረራው ዓመታት፣ ከ1928 እስከ 1933 ባለው ጊዜ። ወደ 600 ሜትር ይጠጋል። የመኪና መንገድ ሳይኖር ነጋዴው አምባውን በእግርና በበቅሎ ነበር የሚወጣው የሚወርደው። አያቴ ዋሻውን ዕድሜውን ሙሉ “ጉሮሮው” እያለ ይጠራው ነበር። ጉሮሮ ነው በእውነት። ከአዲስ አበባ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ያለነው እኛም፣ ከታች ያለው ወሎም የሚተነፍሰው በዚያ ነው።

እዚያ ጣርማ በር አፋፍ ላይ የቆመ ሰው አንድ ነገር ያስብልኝ። ከምዕራቡ በኩል የወደቀ የዝናብ ጠብታ ወደ ጀማ ይወርዳል፣ ከጀማ ወደ አባይ፣ ከአባይ እስከ ግብፅ። ከምሥራቁ በኩል፣ እኛ ቤት ጣሪያ ላይ የወደቀው፣ ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳያይ አፋር ምድር አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። አንድ አስተማሪያችን ይህን ሲነግረን ክፍሉ ሁሉ ዝም አለ። ያን ቀን ማታ የጎረቤታችን ቆርቆሮ ሲንኳኳ “ይሄ አፋር ይሄዳል” ብዬ ለአክስቴ ነገርኳት። “መንገዱን ያቅናለት” አለች።

ጭላዳ ዝንጀሮዎቹም የአፋፉ ናቸው። ከኢትዮጵያ ውጭ የሉም። ሣር ግጠው ውለው ሲመሽ ለመተኛት ገደሉን ይወርዳሉ። ደረታቸው ላይ ያለውን ቀይ ምልክት መንገደኛ ፎቶ ያነሳል። እኔ ግን ገና ሳስታውሳቸው የአያቴን ገብስ የጠበቅኩበት ብርድ ነው የሚመጣብኝ። በጉም ቀን መንጋው እርሻ መግባቱ አይታይም። እርስ በርስ ሲያጉረመርሙ ይሰማል እንጂ። ወንጭፉን ወደ ድምፁ ነበር የምንወረውረው፤ ላለመምታት ከፍ አድርገን።

ስለ ገበያው ብዙ ማለት ይቻላል፤ እኔ አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። በገበያ ቀን ደገኛው ገብስ፣ ባቄላ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ በግ፣ የመንዝ ባና ይዞ ይወርዳል። ቆለኛው ማሾ፣ ማሽላ፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ፓፓያ ይዞ ይወጣል። ከቀወት በኩል የምትመጣ አንዲት ሙስሊም ሴት ከአክስቴ ጎን ነው የምትቀመጠው። ሁልጊዜ ይበርዳታል። አክስቴ ጠዋት ከቤት ስትወጣ ሁለት ጋቢ ትይዛለች፤ ሁለተኛው ለእሷ ነው። ሲመሽ ደግሞ የእሷን ማሾ በአክስቴ ቆሎ ይለዋወጣሉ፤ ብርጭቆ በብርጭቆ። ማሾው ከቆሎው ቢወደድም ቢረክስም ልኩ ተለውጦ አያውቅም። የረመዳን ጊዜ አክስቴ ለማፍጠሪያ ብላ በሶ አዘጋጅታ ትልክላታለች። ለፋሲካ ከዚያ በኩል ሎሚና ሽንኩርት ይመጣል። ይህን ማንም አላስተማራቸውም፣ ማንም ስብሰባ አልጠራበትም።

ድምፅ ሁሉ ግን የዋህ አይደለም። በመስከረም 1998 ከከተማችን አቅራቢያ ይዛባ በሚባለው አካባቢ ተራራው ተንሸራተተ። ቤቱ፣ እርሻው፣ ዛፉ ከነአፈሩ ወረደ፤ ብዙ ሰው ያለ ቦታ ቀረ። እኔ ልጅ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ክረምት ሲጠና፣ ዝናቡ ሳያባራ ሁለት ሦስት ቀን ሲጥል፣ ትልልቅ ሰዎች ሌሊት ተኝተው አይተኙም። ዝናቡን አይደለም የሚያዳምጡት። ከዝናቡ በታች ያለውን ነው። አክስቴ ተነስታ ግድግዳው ላይ እጇን ስታሳርፍ በጨለማ አይቻለሁ።

ከዚያ ደግሞ በኅዳር 2014 ጦርነቱ ደረሰብን። ስለ ውጊያው አልጽፍም፤ ሌሎች ይጽፉታል። ብዙ ሰው ወደ ደብረ ብርሃን ሸሸ፤ እኛም ሸሸን። ገብሱ ደጅ ላይ እንደተሰጣ ነበር የወጣነው። ተመልሰን ስንመጣ ቤቱ ቆሟል። ምጣዱ የለም፤ ሙቀጫው ግን ስለሚከብድ ነው መሰለኝ እዚያው አለ። ይህን ሁሉ አክስቴ በፀጥታ አየችውና ወደ ደጅ ወጥታ ቆመች። ጉም ገብቶ ነበር። እኔ የምታለቅስ መስሎኝ ተከተልኳት።

“ስማ” አለችኝ።

ምንም አይሰማም። መንገዱ ዝም ብሏል። ተሳቢ የለም፣ ጥሩንባ የለም፣ የረዳት ጩኸት የለም። ወፍ ብቻ። በሕይወቴ ያን መንገድ ዝም ብሎ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ቤተሰቤ ሁሉ ያደገበት ድምፅ እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ሌሊት የጭነት መኪና ሲያልፍ መስኮቱ ይርገበገባል ብዬ ስንት ጊዜ አማርሬያለሁ። ያን ሳምንት እንቅልፍ ያጣሁት መስኮቱ አልርገበገብ ብሎ ነው።

ጎረቤታችን ምጣዷን አዋሰችን። ገብስ ከመንዝ የሚያመጣ አልነበረም፤ ከታች ቤት አንድ ቁና ተገኘ። ሴቶቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ፈተጉ። የሚገዛ በሌለበት ለማን ነው የምትቆሉት ያላቸው ሰው አልነበረም። አስፋልቱ ዳር ወጥተው እንደ ዱሮው ሰፌዳቸውን ሸፍነው ተቀመጡ፤ የመጀመሪያው መኪና እስኪመጣ ቀናት ቢፈጅም።

ከዚያ በኋላም ያ መንገድ ብዙ ጊዜ ተዘግቶ ብዙ ጊዜ ተከፍቷል። እያንዳንዱን መዘጋት ከዜና በፊት ከተማው ያውቀዋል። ዝምታው ይነግረናል። አንድ ጠዋት ሴቶቹ ቁጭ ብለው፣ ማንም ሳይነግራቸው፣ ይተያዩና ላስቲኩን ጠበቅ ያደርጉታል። እኔ ከሁሉ በላይ የምመኘው ነገር ቢኖር ያ ቁልቁለት ዝም እንዳይል ነው። ሾፌሮች ሌሊትም ቀንም ያጓሩበት፣ ጥሩንባ ይነፉበት። አንተኛም፤ ግድ የለም።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ከአክስቴ ጋር ተቀምጬ ነበር። የአክስቴ የልጅ ልጅ ከትምህርት ቤት መጥታ መሃላችን ገብታለች፤ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ጋቢው ውስጥ ፊቷ ብቻ ይታያል። ጉሙ ከገባ ቆይቷል። ከፊታችን ያለው አስፋልት አንድ ክንድ ያህል ይታይና ከዚያ ወዲያ ነጭ ነው። ከላይ በኩል አንድ ነገር አጓራ። የጭነት መሰለኝ። አክስቴ ራሷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች፤ ገና አልወሰነችም።

“አውቶቡስ ነው” አለች ልጅቷ። “ሙሉ ነው።”

አክስቴ አየቻት። ከዚያ ሰፌዱን አነሳች፣ ላስቲኩን ገለጠች፤ ብርጭቆውን ለልጅቷ ሰጠቻትና ሁለቱም ወደ ነጩ ውስጥ ሄዱ።